ባለቤቱ ማን ነው? አሮጌ ቤቶች በልብ ወለዶቻችን ውስጥ

(በመገናኛ በተዘጋጀ የሕዝብ ንግግር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግር የአንድ ዕዳ ክፍያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በልብ ወለድ ክፍለ ጊዜ፣ ቤት እንዴት ገጸ ባሕርይ ሊሆን እንደሚችል ሳስረዳ ነበር። ኤድጋር አለን ፖ በ1839 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጻፈውን የአሸር ቤት ጠቀስኩ፤ የመጨረሻዎቹ ወራሾች ሲወድቁ ግንቡም አብሯቸው የሚወድቅበትን ታሪክ። ቀጥዬ የሆውቶርንን፣ የዲክንስን፣ የቶኒ ሞሪሰንን ቤቶች አነሣሁ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ዶክተር፣ የእኛስ?» አለችኝ። «ፍቅር እስከ መቃብርን ተመልከቱ» ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ ተሻገርኩ። ሰዓቱ አልቆ አልነበረም፤ መልሱ ስላልነበረኝ ነው።

ጥያቄውን ስመላለስበት ቆይቼ በሁለት የአማርኛ ቃላት በኩል ልገባበት ወሰንኩ። አንደኛው የሥነ ጽሑፍ ሙያ ቃላችን «መቼት» ነው። መቼ እና የት ተዋሕደው የወጣ ቃል እንደ መሆኑ፣ ታሪኩ የተፈጸመበትን ጊዜና ስፍራ ይነግረናል። ገጸ ባሕርይ ግን «ማን?» ለሚለው ጥያቄ የሚቆም ነው። ስለዚህ የተማሪዋ ጥያቄ በሌላ አነጋገር ይህ ነበር፤ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ቤት «የት» መሆኑን ትቶ «ማን» የሚሆነው መቼ ነው?

ሁለተኛው ቃል «ባለቤት» ነው። ባለቤት ማለት የንብረት ጌታ ነው፤ ባል ወይም ሚስት ነው፤ በሰዋስው ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው የዐረፍተ ነገሩ ክፍል ነው። ቋንቋችን አድራጊን ሁሉ ቤት ያለው አድርጎ ያስባል ማለት ነው። ቅኔ ቤት የገባችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው ይባላል። የግጥሙ አካል ራሱ ቤት ነው። ግጥም ያለ ቤት አይቆምም፤ ዐረፍተ ነገርም ያለ ባለቤት።

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህን ነው። የእኛ ደራስያን የቤትን ግድግዳና ጣሪያ በመግለጽ ብዙ አልደከሙም። አሮጌ ቤት በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ነፍስ የሚዘራው ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ማከራከር ሲጀምር ነው። ፖ ግንቡ ላይ የሚያየውን ስንጥቅ እኛ ባለቤትነቱ ላይ እናየዋለን።

ከመጀመሪያው እንነሣ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ፣ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው፣ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ሲታተም ሰዎቹ ከሞላ ጎደል መንገደኞች ናቸው። ጦርነት ያፈናቀላቸው ናቸውና ቤት ለእነርሱ የተለዩት ነገር እንጂ የሚኖሩበት አይደለም። በዚያው ዘመን አዲስ አበባም ገና ሰፈር ነበረች፤ ሰፈር በመጀመሪያ ትርጉሙ፣ የሠራዊት ማረፊያ። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍታው ላይ፣ እያንዳንዱ መኳንንት ከጭፍራው ጋር በየኮረብታው። ለዚህ ነው የከተማዋ አሮጌ መንደሮች በሰው ስም የተጠሩት፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር። ቤቱ መሐል ላይ ነበረ፤ ሰፈሩ በዙሪያው፤ ስሙ የባለቤቱ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ከመስቀል አደባባይ በላይ ቆሟል። በእንጨት በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ቤቱ ለምን እዚያ እንደ ተሠራ ወዲያው ይገባዋል። ጌታው ጭፍራውን እንዲያይ፣ ጭፍራውም ጌታውን እንዲያይ ነው።

እንዲህ ያለው ቤት በምልዓት ወደ ልብ ወለድ የገባው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ 1958 ዓ.ም.። ስፍራው ጎጃም፣ ዲማ ነው፤ ቤቱ የፊታውራሪ መሸሻ። ለዚያ ተማሪ ቸኩዬ የሰጠሁት መልስ ስሕተት አልነበረም፤ ያጎደልኩት ምክንያቱን ነው። የአሮጌውን የመኳንንት ቤት አከፋፈል አስቡት፦ አዳራሹ ለግብር፣ እልፍኙ ለጌታው፣ ማጀቱ ለሴቶችና ለአገልጋዮች። እያንዳንዱ ደፍ የማዕረግ ድንበር ነው። ማን እስከ የት ድረስ ይገባል? ማን ቆሞ ይቀራል? ይህን ቤቱ ያውቃል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደዚያ ቤት ሲገባ ደራሲው ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል። የድኃ ልጅ፣ የደብተራ ትምህርት ይዞ፣ ትውልዱ የማይፈቅድለትን ደፍ በሙያው ምክንያት ተሻገረ። ፊታውራሪ የዘር ሐረጋቸውን እየቆጠሩ ለልጃቸው የሚመጥን ባል ሲያጡ፣ ቤታቸው ራሱ መምህሩን አስገብቶባቸዋል።

እዚህ ላይ ቤቱ መቼት ብቻ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ቤቱ ይሠራል። ሰብለን ያቆያል፣ ዕድሜዋን ይበላል፣ ፍቅሩን ያበቅላል፣ ከዚያም ይከለክለዋል። ገበሬዎቹ በፊታውራሪ ላይ ተነሥተው በጦር ሲያሸንፏቸው ደግሞ የፈረሰው ግድግዳው አይደለም። ግድግዳው ቆሟል፤ ባለቤቱ ግን ባለቤት መሆኑን አጥቷል። ሰብለ ወንጌል ከዚያ ቤት የወጣችው በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ነው፤ ማለትም ቤት የለኝም ብሎ የማለ ሰው በሚለብሰው ልብስ። የልብ ወለዱ መዝጊያም ሰብለን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሣን በአንድ ያኖራቸዋል፤ ቤቱ ግን መቃብር ነው። የዲማው ቤት ለሦስቱ የከለከለውን አብሮ መኖር መቃብሩ ፈቀደላቸው። ርዕሱን ለብዙ ዓመታት ስለ ጊዜ ርዝመት የሚናገር አድርጌ አነበው ነበር፤ «እስከ» የሚለው ቃል የቦታም መድረሻ መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ወደ ሰሜን ሸዋ ወሰደን። የወይዘሮ አሰጋሽ ቤት የክርክር ቤት ነው። ርስት፣ ሙግት፣ ፍርድ ቤት፤ ባለቤትነት በየቀኑ የሚታረስ መሬት ሆኗል። ከተሜው ተማሪ አደፍርስ በዚያ መካከል ስለ ለውጥ ይናገራል። በቤቱ ጉዳይ ግን ከእርሱ ይልቅ ወይዘሮዋ ናት የምታሳዝነኝ፤ ይህ የእኔ የግል አድልዎ ነው፤ ይቅር በሉኝ። ልትጠብቀው የምትሟገትለት ነገር ሊያልቅ አምስት ዓመት ብቻ እንደ ቀረው እኛ አንባቢዎቿ እናውቃለን፤ ደራሲው ግን ሲጽፍ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

በሌላው ጫፍ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» አለ። በስድሳዎቹ የፈረንጆች ዓመታት የተጻፈ፣ በአገራችን ግን ለረጅም ጊዜ ሳይታተም የቆየ። ውቤ በረሃ፣ ያው የደጃች ውቤ ሰፈር፣ በስብሐት ዘንድ የሌሊት ቤቶች ሰፈር ነው። የመኳንንቱ ስም ሰፈሩ ላይ ቀርቷል፤ ቤቱን ግን ሌሎች ይኖሩበታል፣ ሌሎች ይገቡበታል፣ ሲነጋ ይወጡበታል። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ብቻ ነው የሚጠየቀው።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967።

ለታሪክ ተማሪዎች ይህ የታወቀ ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ «ትርፍ ቤት»። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይኖረዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ለብዙ ድኃ ቤተሰብ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ይህን የሚክድ ታሪክ ጸሐፊ ሐቀኛ አይደለም። በዚያው ቀን ግን በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ቤቶች ሰዋቸውን ሳይለውጡ ባለቤታቸውን ለወጡ። ጣሪያው ያው፣ ምድጃው ያው፣ ተከራዩ ያው፤ ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ባለቤቱን ለወጠ።

ይህን ሳስብ የሚመጣልኝ የአርጀንቲናዊው ሁሊዮ ኮርታሳር አጭር ልብ ወለድ ነው፤ በ1946 እንደ ፈረንጆች የወጣ። ያላገቡ ወንድምና እኅት በቦነስ አይረስ የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ሰፊ ቤት እያጸዱ ይኖራሉ። አንድ ቀን ከቤቱ አንድ ክፍል ድምፅ ይሰማል፤ «ያዙት» ይባባላሉ፤ በሩን ቆልፈው በቀረው ይኖራሉ። ማን እንደ ያዘው አይጠይቁም። በመጨረሻ ሁሉም ሲያዝ ወጥተው የውጭውን በር ይቆልፉና ቁልፉን ወደ ፍሳሽ ማስወገጃው ይጥሉታል። ብዙዎች የፔሮን ዘመን ምሳሌ አድርገው ያነቡታል። እኔ ሳነበው ግን የማስበው ስለ ሾላ ነው።

ሾላ፣ ከዚህ አዳራሽ በእግር የሚደረስበት። አባቴ በሃምሳዎቹ ዓመታት ከሾላ ገበያ ጀርባ የጭቃ ቤት ሠራ፤ በኖራ የተለሰነ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ትንሽ በረንዳ። ከጎኑ ሁለት ክፍል ቀጥሎ ለአንዲት እናት አከራየ። እማማ ነበር የምንላቸው። አዋጁ ሲወጣ ሁለቱ ክፍሎች ትርፍ ቤት ሆኑ። እማማ ከዚያ ወዲያ ኪራያቸውን ለቀበሌ መክፈል ጀመሩ፤ ውኃ ግን የሚቀዱት ከዚያው ቧንቧ፣ ቡና የሚጠጡት ከእናቴ ጋር። እናቴ እስከ ሞተችበት ቀን «ተከራያችን» ትላቸዋለች። እርሳቸው ደግሞ እናቴን ከጥቂት ዓመት በኋላ «ጎረቤቴ» ማለት ጀመሩ። አንድ ግድግዳ፣ በሁለት ወገን ሁለት ዐረፍተ ነገር። የቀበሌ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ በበራቸው ላይ ሲመታ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ የመዶሻው ድምፅ የሚሰማው በእኛ መኝታ ቤት ነበር።

ቁጥር ካነሣን ቶኒ ሞሪሰንን ሳላነሣ አላልፍም። በ1987 እንደ ፈረንጆች ባወጣችው «ቢላቭድ» ውስጥ ቤቱ ስም የለውም፤ 124 ነው። የልብ ወለዱ ሦስቱም ክፍሎች የሚከፈቱት ያ ቁጥር እንደ ሰው ባሕርይ ኖሮት ነው። ከባርነት ያመለጡት ሰዎች ይኖሩበታል፤ የሞተችው ሕፃን መንፈስ ትኖርበታለች፤ የቤቱ ባለቤቶች ግን ነጮች ናቸው። ቁጥር ቤትን ነፍስ አልባ ያደርገዋል የሚለውን የተለመደ ሐሳብ ይህ መጽሐፍ ያፈርሰዋል። ታዲያ የእኛ የቀበሌ ቤት፣ ባለ ቁጥሩ፣ ልብ ወለዳችን ውስጥ እንደዚያ የጮኸው የት ነው?

የእኔ ንባብ እንደሚነግረኝ ከአዋጁ በኋላ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ የነጠላ ቤት ቦታ በሰፈር ተተካ። የአለማየሁ ገላጋይን «አጥቢያ» ርዕስ ብቻ ተመልከቱ፤ አራት ኪሎን የሚተርክ መጽሐፍ ስሙን የወሰደው ከቤት አይደለም። ምክንያቱ የደራስያን ምርጫ ብቻ አይመስለኝም። ግድግዳ የሚጋሩ፣ መጸዳጃ የሚጋሩ፣ ማድቤት የሚጋሩ ሰዎችን አንዱን ቤት ለይተህ ልትተርካቸው አትችልም። ባለቤቱ ሩቅና መልክ የሌለው ሲሆን «ማን?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ግቢው ነው፣ ዕድሩ ነው፣ መንደሩ ነው።

ነጠላው ቤት የተመለሰው፣ ይገርማችኋል፣ በስደት ነው፤ በእንግሊዝኛ። መዓዛ መንግሥቴ በ2010 እንደ ፈረንጆች ባወጣችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ አብዮቱን የምታሳየን በዋናነት በአንድ ሐኪም ቤተሰብ በኩል ነው፤ አባትና ሁለት ወንዶች ልጆች በአንድ አጥር ውስጥ ሆነው አብዮቱ በአጥሩ ላይ ሲመጣ። ከእርሷ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ዲናው መንግሥቱ ደግሞ ቤቱን ወደ ዋሽንግተን ወሰደው። ሴፋ እስጢፋኖስ አባቱን ከአዲስ አበባ ቤታቸው ወታደሮች የወሰዱበት ስደተኛ ነው፤ በሎጋን ሰርክል ትንሽ ሱቅ አለው። አጠገቡ የተጣለ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ቤት አለ። ጁዲት የምትባል ነጭ ምሁር ገዝታ ታድሰዋለች። ሴፋ ለእራት ይጋበዛል፣ ትንሿን ልጇን ይወዳታል፣ ቤቱን ይመኘዋል። ቤቱ በመጨረሻ በእሳት ይወድማል፤ እሳቱን የለኮሰው የዋጋ መናር ከሰፈራቸው የሚያስወጣቸው ሰዎች ቁጣ ነው። ለእኔ ይህ ከፍቅር እስከ መቃብር ወዲህ በኢትዮጵያዊ ብዕር የተጻፈ ከሁሉ የላቀ የአሮጌ ቤት ገጸ ባሕርይ ነው። ሴፋ ከቤቱ ተቃራኒ ወገን መቆሙን ልብ በሉ። ተፈናቃዮቹን ያውቃቸዋል፤ የሚመኘው ግን የምታፈናቅለውን ሴት ሳሎን ነው። ጥያቄው አሁንም ያው ነው፤ ባለቤቱ ማን ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ምሥራቅ ልምጣ። በመስኮት ወደ ውጭ ተመልከቱና የቦታዎቹን ስም ጥሩ። መገናኛ መንገዶች የሚገናኙበት ነው። ሃያ ሁለት የአውቶቡስ ቁጥር ነው። ጉርድ ሾላ የተቆረጠ ዛፍ ነው። ሲኤምሲ የጣልያን የግንባታ ኩባንያ ነው። ከደጃች ውቤና ከራስ ተሰማ ሰፈሮች ጋር አስተያዩት። እዚህ መሐል ላይ ቤት አልነበረም፤ በዙሪያው የሚሰፈርበት ጌታ አልነበረም። የመጀመሪያው የኮንዶሚኒየም የሙከራ ግንባታም በ1990ዎቹ አጋማሽ የቆመው እዚሁ ቅርብ፣ ቦሌ ገርጂ ነው። ቤት በዕጣ የሚገኝ ሆነ፤ ባለቤት ከመባል በፊት «ዕድለኛ» መባል መጣ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ፣ በቀጣዩ ዓመት ካዛንቺስ ሲፈርሱ፣ ከዚያ የተነሡ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። የስሙን ባለቤት የያዙት ሰፈሮች እያነሱ፣ በመንገድና በቁጥር የሚጠሩት እየበዙ ነው።

ይህን ስናገር የሚያለቅስ ሰው ድምፅ እንዳይሰማብኝ እጠነቀቃለሁ፤ መብቱም የለኝም። እናታችን ካረፈች በኋላ እኛ አራቱ ወራሾች ተሰብስበን የሾላውን ቤት አስፈርሰን ፎቅ ለማሠራት ከአንድ አልሚ ጋር ተዋዋልን። ማንም አላስገደደንም። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ልጆቻችን ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር። ከውሉ ግርጌ «የቤቱ ባለቤቶች» ይላል፤ ከሥሩ አራት ፊርማ። በሕይወቴ የዚያ ቤት ባለቤት ተብዬ የተጻፍኩት ያኔ ብቻ ነው፤ እንዲፈርስ በፈረምኩበት ወረቀት ላይ።

በማግስቱ ስሄድ የእኛ ወገን መሬት ሆኗል። የእማማ ሁለት ክፍሎች የቀበሌ ስለ ሆኑ ለጊዜው ቆመዋል፤ የጋራው ግድግዳ ግን አሁን የውጭ ግድግዳ ነው። የእኛ መኝታ ቤት ሰማያዊ ቀለም ለመንገድ ተሰጥቶ ይታያል። እማማ ከዘጠና ዓመት ያለፉ ናቸው፤ በረንዳ ባልነበረበት በኩል ዱካ አውጥተው ተቀምጠዋል።

«አቧራው አስቸገረዎት፣ እማማ?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፤ የእናትህ ቀለም አሞቀኝ» አሉ። ቆየት ብለው «ግድግዳው ግን አሁን የማን ነው? ዝናብ ሳይመጣ የሚለስነው እንዳይጠፋ» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ባለቤትነትን በልብ ወለድ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ መልስ አልነበረኝም። ሠራተኛ ልኬ አስለሰንኩት፤ ሰማያዊው ተሸፈነ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ሌላ ተማሪ በጽሑፍ ሥራ ኮርስ አጭር ልብ ወለድ አስገባች። ገጸ ባሕርይዋ በገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የሟች አባቷን ፎቶግራፍ ወለል ላይ ግድግዳ አስደግፋ ታስቀምጠዋለች፤ ስትጠርግ ታነሣዋለች፣ ጠርጋ ትመልሰዋለች። ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ከዳር «ቤቱ አይታይም፤ ግድግዳው ላይ ምን አለ?» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ስትቀበል አንብባው ቀና አለች።

«ምንም የለም፣ ዶክተር» አለችኝ። «አከራይዋ ሚስማር አትፈቅድም።»

ወረቀቱን መልሳ እንድትሰጠኝ ለመንኳት፤ እንደገና ለማረም ሳይሆን እንደገና ለማንበብ።